ሁለቴ የተቆጠረው መንፈቅ

በፈረንጅ አገር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው ሐበሻ ሁለት ዓይነት ነው፤ የተሰጠውን ወረቀት ፈርሞ የሚመልስና ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ። ሸዋዓለም ከፈራሚዎቹ ናት። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የገልባጮቹ አለቃ፣ የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት ናቸው።

ሁለቱም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪናቸው ይዘዋት የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ጂፒኤሱ ወደ ቀኝ ካላቸው «ምን ተፈልጎ ነው?» ብለው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። እንቁላል ሲገዙ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ይነካካሉ። ፓስተሩ አንድ እሑድ ከወትሮው ሞቅ አድርገው ቢጨብጧቸው፣ ምክንያቱን ሲያፈላልጉ ሰነበቱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ይደግሙታል። የሠሩትን ሰዓት ደብተር ላይ የሚያሰፍሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ቢሰረቅ ሌባው ግራ እንዲገባው።

ጥር ላይ ከቢሮ ደብዳቤ መጣ። ለሠራተኞቹ ጡረታ አገልግሎት የሚቆጠርበት የፕላን ዓመት እስካሁን ከጁላይ እስከ ጁን ነበር፤ ከእንግዲህ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ይሆናል ይላል። ሸዋዓለም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ደምሴ ግን እንቅልፍ አጡ።

«እኛ እንኳ ዓመት ስንቀይር አደይ ፈንድቶ፣ ዘመድ ተጠያይቆ ነው! እነዚህ በአንድ ደብዳቤ? ምን ተፈልጎ ነው?»

ሸዋዓለም ሳቀችባቸው። መስከረም ላይ ግን ሳቁ ቀረ። አስፐን ሂል በሚባል ሰፈር፣ ለቤቷ የቀረበ ሥራ አግኝታ ልትለቅ ስትል፣ ቢሮው የተቆጠረላት ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ነገራት። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሠራተኛ፣ አሠሪው ለጡረታው ያዋጣለትን ትቶ ነው የሚወጣው። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር በእንፋሎት ውስጥ አንሶላ ያጠፈችበት ሁሉ ከንቱ መሰላት።

«ይሁን እንግዲህ፣ የመልቀቂያውን ወረቀት ልፈርም» አለች።

«ብዕሩን አስቀምጪ!»

ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ በዕረፍት ቀናቸው፣ ያን ወፍራም የፕላን ሰነድ ታቅፈው። ከቢሮው ሠራተኛ ከዕድላዊት ፊት ዘረጉት። ዕድላዊት እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት።

«ልጄ፣ አሮጌው ዓመት ያለቀው ጁን ነው። አዲሱ ግን የጀመረው ከዚያ ቀድሞ፣ ጃንዋሪ ላይ ነው። በመካከል ያለው መንፈቅ የማን ነው?»

ዕድላዊት ገጹን አነበበች፤ ደግማም አነበበች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ጋሼ! ሁለቱ ዓመቶች ኦቨርላፕ ያደርጋሉ፤ ከጃንዋሪ እስከ ጁን ያለው በሁለቱም ውስጥ አለ። በእያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ሰዓት ከሠራች ሁለቱም ይቆጠሩላታል።»

«ስድስት ወር ሁለቴ?» የጋሽ ደምሴ ፊት ጠቆረ። ሲነጠቁ ያውቁበታል፤ የሚጨንቃቸው ሲሰጣቸው ነው። «ማነው እንዲህ ቸር የሆነው?»

«ሕጉ ነው፣ ጋሼ። ዓመት ሲቀየር ሠራተኛው እንዳይጎዳ። ሲስተሙ ሚስ አድርጎታል። ከጃንዋሪ ወዲህ ያለውን ሰዓቷን ቼክ ላድርግ።»

«አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ከኪሳቸው ሌላ ደብተር አውጥተው። ሽፋኑ ላይ «ሸዋዓለም» ይላል።

ኮምፒዩተሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አራት አለ። ስምንቱን ሰዓት ማን እንደበላው ጋሽ ደምሴ እስካሁን እየጠየቁ ናቸው። ለማንኛውም ሦስተኛው ዓመት ተቆጠረ፤ ሸዋዓለምም ይህንኑ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይዛ ወጣች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ።

«ጋሼ፣ የእኔን ሰዓት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጽፉት?»

«ከገባሽበት ቀን።»

«እኔንም ጠርጥረውኝ?»

«አንቺማ ሰው ታምኛለሽ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው መኪና ሳይነቅሉ። «የሚጠረጥርልሽ ሰው ያስፈልግሽ ነበር።»

ሸዋዓለም ከሰኞ ጀምሮ ወደ አዲሱ ሥራዋ የምትሄደው ብቻዋን ነው፤ እንዲህ የሚጠረጥርላት ሰው እዚያ እንደማታገኝ ታውቃለች። ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች።

ጋሽ ደምሴ በጎን አዩዋት።

«ምነው? ደብዳቤው ላይ ያላሳየሽኝ ነገር አለ?»