ልብስ ሰፊው ሳህሉ ሲኒማን በግድግዳ የሰማበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ደርግ በመንበሩ በተቀመጠ በስምንተኛው ዓመት፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት፣ ወረፋው ያመለጠውም ሰው «ድሮም ጣፋጭ አልወድም» እያለ በሚጽናናበት ወራት፣ በሆሳዕና ከተማ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። ስሙም ሳህሉ ይባላል፤ መርፌን እንደ ጦር የሚሰብቅ፣ ሜትርን እንደ ኒሻን ባንገቱ የሚያንጠለጥል፣ ኮሌታ ገልባጭ፣ ሱሪ አሳጣሪ፣ የሌሞ አገር ባለጋሪዎችን ቀዳዳ ሁሉ ጠጋኝ ነው። ናሁ እኛ ዜና መዋዕሉን እንጽፋለን፤ የነገሥታቱን እንዳንጽፍ ንጉሥ በዚያ ወራት አልነበረምና፣ ብዕራችንም ሥራ ፈትቶ ነበርና።

ይህ ሳህሉ ገና ጢም ሳያበቅል ስፌት ሊማር ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ግድግዳውን ከአንድ ሲኒማ ቤት ጋር በሚጋራ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረ። ወላጆቹ የወንጌል አማኞች ስለ ነበሩ ሲሸኙት፦ «እግርህ ሲኒማ ቤት እንዳይረግጥ፣ ዓይንህም እንዳያይ» ብለው አዋጅ አስነገሩ። ስለ ጆሮው ግን ምንም አላሉም። እርሱም ቃላቸውን ጠበቀ፤ እግሩ አልረገጠም፣ ዓይኑም አላየም፤ ነገር ግን የስፌት መኪናውን እየረገጠ ሳለ ተኩሱም፣ ዘፈኑም፣ የፈረሱ ኮቴም፣ የሴቲቱ ለቅሶም በግድግዳው አልፎ ወደ ጆሮው ይገባ ነበር። ወእምዝ ትምህርቱን ሲፈጽም፣ ያ ሲኒማ ቤት አሳይቶ እርሱ ያልሰማው ፊልም አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው፤ ይኸውም ዝምታ ነው። ፊልሙ በድንገት ጸጥ ሲል፣ ተመልካቹም ሁሉ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ ምን እንደሚደረግ ሊያውቅ አልቻለም። ብዙ መረመረ፤ በመጨረሻም በሚያውቀው ፈታው። የጸሎት ቤቶች ታሽገው በነበረበት በዚያ ዘመን ወላጆቹና ጎረቤቶቻቸው በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጸልዩ ነበርና፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በአንድ ጊዜ ጸጥ ካለ ሳህሉ ከጸሎት ሌላ ምክንያት አያውቅለትም። ስለዚህ የፊልም ሰዎች በየመካከሉ እየቆሙ ይጸልያሉ ብሎ አመነ። ጸጥታው በመጣ ቁጥርም እግሩን ከመርገጫው አንሥቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ይጠብቃቸው ነበር።

ወደ ሆሳዕናም ተመልሶ በገበያው መንገድ ዳር፣ በአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን በተከለ ጊዜ ዝናው ወጣ። ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሳህሉ ሳይለካ መንገድ አይጀምርም ነበር፤ እርሱም ደረቱንና ወገቡን ለክቶ፣ ፊቱንም አይቶ፣ ለዚያ ሰው የሚስማማውን ፊልም ያዝለታል።

ለሌሞ ባለጋሪዎች የካውቦይ ፊልም አዘዘ፤ «ሁለቱ ሰዎች ከመታኮሳቸው በፊት ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ጸሎት ያደርሳሉ፤ እናንተ ግን ሳትጸልዩ ነው በጅራፍ የምትሞሻለቁት» ብሎም ገሠጻቸው። ባሏ ጥሏት ለሄደ ሴት የህንድ ፊልም አዘዘ፦ «እናት ልጇን ታጣለች፣ ይዘንባል፣ ይዘፈናል፣ መልሳ ታገኘዋለች፤ አንጀትሽ እስኪርስ አልቅሰሽ ትወጫለሽ፣ ከዚያም እህል ያምርሻል።» ክንዱ ለቀጠነ ተማሪ ድምፁ ገብስ ሲወቃ የሚመስለውን የካራቴ ፊልም፣ ለአናጢው ደግሞ የሚያስፈራውን ፊልም ሰጠ፤ በዚያ ፊልም በር በተከፈተ ቁጥር ማጠፊያው ይጮኻልና፣ ሰምቶ ዘይት መቀባትን ይማር ዘንድ። ለሽማግሌዎች ግን ያስቀመጠላቸው በአያቶቻችን ዘመን የተሠራውን፣ ከፒያኖ በቀር ማንም ቃል የማይተነፍስበትን ጥንታዊ ፊልም ነበር። ያም በሳህሉ ሚዛን ከፊልሞች ሁሉ ቅዱሱ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጸሎት ብቻ ነውና፣ ተመልካቹም በመንፈስ ደስታ እየሳቀ ከወንበሩ ይወድቃልና።

ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ሾፌር አወል፣ ስንዴ ጭኖ ወጥቶ ጨው ጭኖ የሚመለሰው፣ የዳገት ድል አድራጊው፣ ምክሩን ሁሉ ተቀብሎ ፊልሞቹን በዓይኑ አይቶ ይመለስ ነበር። ጸሎቱስ እንዴት ነበር ተብሎ ሲጠየቅ ጢሙን እየዳበሰ፦ «ሳህሉ እንዳለው ነው፤ እንዲያውም ሳይበዛ አይቀርም» ብሎ ያውጃል። ከዚያ በላይ አይናገርም፤ ሳህሉን ይወደው ነበርና።

ወበውእቱ መዋዕል ሳህሉ የአቶ ጠናን ልጅ አባይነሽን ወደደ። አቶ ጠና የአማኞች ሽማግሌ፣ የተጣላ አስታራቂ፣ ሳቅን እንደ ስኳር ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነበር። ሳህሉ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹም ተመላልሰው፣ ነገሩ ሊያልቅ አንድ አዳር በቀረው ጊዜ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሽብሩ በገበያ መካከል ቆሞ በሜጋፎን እንዲህ ሲል አወጀ፦

«ጭቁን የሆሳዕና ነዋሪዎች ሆይ! በመጪው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የሲኒማ መኪና ወደ አዳራሻችን ይመጣል። ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምረውን ፊልም ማየት ግዴታ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚታየውን ግን ሰፊው ሕዝብ በነፃነት ይምረጥ። ያልመረጠ ስኳር አያገኝም።»

ሕዝቡም ተከፋፈለ፤ ባለጋሪው ካውቦይ፣ ተማሪው ካራቴ፣ ሴቱ የህንድ እያለ ሊደባደብ ሲል፣ ሳህሉ ይፍረድ ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። እርሱም ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ቆሞ፦ «ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ የፍቅርና የጦርነት ፊልም አለ፤ ወታደሩ ይዘምታል፣ ልጅቱ ትጠብቀዋለች፣ ባቡርም ይዞት ይመጣል። ካውቦይ ላለ ተኩስ አለበት፣ የህንድ ላለም እንባ አለበት። በመጨረሻው ላይ ደግሞ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚረዝም ጸሎት አለ» ብሎ አወጀ። ጓድ ሽብሩ «ወዳጅ ሶሻሊስት አገር» ከሚለው ወዲያ ያለውን ስላላዳመጠ በጭብጨባ አጸደቀው።

አቶ ጠና ግን ሁሉንም አዳምጦ ነበር። ወደ ቤቱም ገብቶ በሽማግሌዎቹ ፊት፦ «ሲኒማ ቤት ያልገባ ሰው ይህን ሁሉ ከየት አወቀው? ሲኒማ ላየ ዓይን ልጄን አልሰጥም» ብሎ አወጀ። ሳህሉ በግድግዳ ነው የሰማሁት ብሎ ቢልክ፦ «እኔም ከጎረቤቴ ጋር ግድግዳ እጋራለሁ፤ ከማንኮራፋቱ በቀር የሰማሁት የለም» ሲል መለሰ። ያን ጊዜ አባይነሽ ከጓዳ ወጣች። እንግዳ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ልጅ፦ «ሳህሉ ሰማሁ ካለ ሰምቷል። ካላመናችሁት ፈትኑት። እኔ ግን ለሌላ ሰው የምከፍተው በር የለኝም» ብላ አወጀች። እናቷ ወይዘሮ ትርፊትም፣ የእንሰት ማሳዋ እመቤት፣ የባልዋን ቁጣ በመስማት ብቻ የምታበርድ፣ «ልጅቱ ተናግራለች» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

አቶ ጠናም የፈተናውን ሕግ ደነገገ። ሳህሉ ከአዳራሹ ውጭ፣ ፊቱን በጓሮው ወዳለው እንሰት አዙሮ ይቀመጥ፤ በሰማውም ልክ ፊልሙን ይንገር። አወል በውስጥ፣ በመስኮቱ አጠገብ ሆኖ ልክ መሆን አለመሆኑን ይመስክር። ሳህሉ ከተሳሳተ ወይም ከዞረ ነገሩ ቀረ፤ አባይነሽም ቀረች።

ወበይእቲ ዕለት፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሕዝብ ጎረፈ። ከፎንቆ በርበሬ ነጋዴዎች ከነሚዛናቸው መጡ፤ ከሞርሲቶ አዲስ ሙሽሮችና አሮጌ ባለዕዳዎች፣ ከሌሞ ባለጋሪዎች ከነጅራፋቸው፣ ከትምህርት ቤት ክንደ ቀጭኖቹ በሙሉ፣ ስኳር የፈለገም ሁሉ መጣ። የአዳራሹ መስኮቶች ብርሃን እንዳይገባ በሳንቃ ተዘጉ። ጄኔሬተሩ በወዲያኛው ጎን ሲያጓራ፣ በወዲህኛው ጎን በአግዳሚ ወንበር ላይ ሳህሉ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀመጠ፤ በቀኙ አቶ ጠና፣ በግራው ወይዘሮ ትርፊትና አባይነሽ ሆኑ። ከበስተኋላቸውም ማንም እንዳያይ ሊያዩ የመጡ ብዙ አማኞች ቆሙ።

በመጀመሪያ ስለ ማዳበሪያ የሚያስተምረው ፊልም ታየ። ሳህሉም «ትራክተር ነው» አለ፤ ቆይቶም «አሁንም ትራክተር ነው» አለ፤ አወልም በሁለቱም መሰከረ።

ከዚያም ዋናው ፊልም ተጀመረ። ሳህሉ ዓይኑን ጨፍኖ ተረከ፦ ወታደሩ ጫማውን ሲያስር፣ እናቱ ዳቦ በጨርቅ ስትቋጥርለት፣ ልጅቱ ከባቡሩ ጋር ስትሮጥ፣ በረዶው በእግር ሥር ሲንኮሻኮሽ። አወልም ከሳንቃው ወዲያ «ልክ ነው!» እያለ አወጀ። አቶ ጠና መጀመሪያ እጁን አጣጥፎ እንሰቱን ያይ ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመር ግን ወንበሩን ወደ ሳህሉ አስጠጋ፤ ወታደሩ ሲቆስል ደግሞ ከኋላ የሚያሳልን አንድ አማኝ «ዝም በል፣ አይሰማም» ብሎ ገሠጸው። ወይዘሮ ትርፊት የወታደሩ እናት ደብዳቤ ስታጣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ልቡ በሳህሉ አፍ ላይ ያልተንጠለጠለ ሰው አልነበረም።

ወእምዝ የመጨረሻው ሰዓት ደረሰ። ባቡሩ ጮኸ፣ ቆመ፤ የአንድ ሰው እርምጃ ተሰማ፣ ከወዲያም የሌላ እርምጃ፤ ከዚያም ሁሉ ጸጥ አለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ፣ ሜጋፎኑን ዘግቶ የማያውቀው ጓድ ሽብሩ እንኳ ዝም አለ። ሳህሉም ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አደረገና፦ «አሁን ይጸልያሉ» ብሎ አወጀ።

አወል አልመለሰም።

አቶ ጠና ሳንቃውን ደበደበ። አወል በሕይወቱ ለጓደኛው ስንት ነገር ዋሽቷል፤ ለምስክርነት ቆሞ በሽማግሌ ፊት መዋሸት ግን ከበደው፤ ስለዚህ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ገና ዝም አለ። ሳህሉ ያን ጊዜ ፈራ። በዚያ ጠባብ ክፍል ራሱን ዝቅ አድርጎ ያሳለፋቸው ጸጥታዎች ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አሉት፤ ምን ነበሩ? አባይነሽን ሊያይ ፈለገ፤ ነገር ግን ዞረ እንዳይባል አንገቱን አላነቃነቀም፤ ባርኔጣውን ብቻ እያሻሸ እንሰቱን ተመለከተ።

አቶ ጠናም፣ ዳኛ ሲያይ ማየት አይባልም ብሎ ለራሱ ፈረደ፤ ተነሥቶም በሳንቃው ስንጥቅ ላይ ዓይኑን አኖረ። በታላቁ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ በባቡር ጣቢያ መካከል፣ ወታደሩና ልጅቱ ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። የሚሳሳሙትም በግንባር ወይም በጉንጭ አልነበረም። አቶ ጠና ወዲያው ዓይኑን ሊያነሣ ይገባው ነበር፤ አላነሣም። ነገሩን ከሥሩ ሊመረምር ፈለገ እንላለን፤ ምርመራውም ረዘም አለ።

ዞሮም ሳህሉን አየ። ጎልማሳው ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እነዚያን ሁለት ሰዎች እንዳይረብሽ ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ተቀምጧል። ያን ጊዜ አቶ ጠና ገባው። ይህን አንድ ጊዜ እንኳ በዓይኑ ያየ ሰው፣ ጸሎት ነው ሊል ከቶ አይችልም። ሳህሉ ተሳስቷል፤ ስህተቱም ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር ሆነለት። የሽማግሌው ልብ ራራ፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ አንተስ በምን አየህ ይባላልና፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«በጸሎት ላይ ናቸው። ከባድ ጸሎት ነው፤ ማንም እንዳይረብሻቸው። ልጄንም ለሳህሉ ሰጥቻለሁ።»

ከሳንቃው ወዲያም የአወል ድምፅ «አሚን» አለ። አቶ ጠና ፍርዱን ለማጽናት ዓይኑን ወደ ስንጥቁ መለሰ፤ እርሱ ሲበቃውም አባይነሽ በተራዋ አየች፤ መጥታም በሳህሉ አጠገብ ተቀመጠች።

ሠርጉም በፋሲካ ማግሥት ሆነ፤ አወል ሙሽሮቹን በኤንትሬው ጋቢና ጭኖ ከተማውን በጥሩንባ አዞራቸው። የዝምታውን ምስጢር ለሳህሉ ማን እንደ ገለጠለት ዜና መዋዕላችን አይናገርም፤ ባልና ሚስቱ በሚቀመጡበት ቤት ግን የስፌት መኪናው እየሠራ ሳለ በድንገት ጸጥ ይላል፤ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በጸሎት ላይ ናቸው» ይላሉ።

ከነገሥታት ማን እንደ እርሱ ያለ ደም ድል ነሣ? ከጀግኖችስ ማን ጀርባውን ሰጥቶ አሸነፈ? ክብር ለጆሮው፣ ሞገስ ለባርኔጣው፣ ረጅም ዕድሜ ለዚያች ስንጥቅ ሳንቃ ይሁን። የቀበሌው ሹማምንት ስንጥቋ ትደፈን ብለው ቢያዙም፣ አቶ ጠና አናጢውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ለምኖት፣ እስከ ዛሬ አልተደፈነችም።