ዶና ሊንዳውራ እና የጉሎው ፕላስተር

ተጠራጣሪ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። የእኛዋን ክብርት ዶና ሊንዳውራን ግን «ተጠራጣሪ» ብሎ ማለፍ እሳቸውን ማሳነስ ነው። እዚህ ብራዚል፣ ፌይራ ዲ ሳንታና ከተማ፣ ቤተ ሙከራችን ውስጥ የጀርም ክፍል ኃላፊ ናቸው። «እንደምን አደሩ» ስትላቸው «ምን ፈልገህ ነው?» ይላሉ።

እኔና ባልደረባዬ ኤቫንድሮ ከጉሎ ዘይት ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ እንሠራለን፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስተር። ጀርም እንዲገድል ደግሞ የአሮዬራ ዛፍ ቅርፊት ጭማቂ ጨመርንበት። አንድ ሰኞ ጀርምና ፕላስተር አንድ ላይ ያስቀመጥንባቸውን የሙከራ ሳህኖች ስንከፍት አንድም ጀርም አልተረፈም። ኤቫንድሮ እየዘፈነ፣ ፕላስተሩን በጉጉት ለሚጠብቁት የቃጠሎ ሐኪም ሊደውል ስልክ አነሳ።

«አስቀምጠው» አሉት ዶና ሊንዳውራ። «ማን ገደላቸው?»

«ቅርፊቱ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ሲገድል አይተኸዋል?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። ቅርፊት የሌለበትን ፕላስተር አምጣ።»

ቅርፊት የሌለበትም ጀርሙን ሙልጭ አድርጎ ጨረሰው። ገዳዩ ፕላስተሩ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ማሟሚያ ኬሚካል ነበር፤ የቁስለኛን ሥጋም አይምርም። ኤቫንድሮ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ለሳምንታት ሴትዮዋን በሩቁ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር።

ማሟሚያውን አስወግደን እንደገና ጀመርን። ወራት ፈጀ። አዲሱ ፕላስተር ከጀርሙ አብዛኛውን ገደለ፤ ቅርፊት የሌለው ግን ምንም አላደረገም። ዶና ሊንዳውራ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው አዩና «እ» አሉ። በእሳቸው አፍ ይህ ሽልማት ነው።

ፕላስተሩ በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሊሞከር ሲቃረብ፣ ዶና ሊንዳውራ በዚያ ሁሉ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሰው ይመጡ ጀመር። ጥርጣሬያቸው ተጋብቶብኝ ኖሮ ዓይኔን ከክንዳቸው መንቀል አቃተኝ።

«ምን ደብቀዋል፣ ዶና ሊንዳውራ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በየካቲት?»

ተነፈሱና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከእጅ አንጓቸው እስከ ክርናቸው የእኛው ፕላስተር በተርታ ተለጥፏል።

«ያሳክክ እንደሆነ ብዬ ነው» አሉኝ። «አያሳክክም ስትል ሰማሁ።»

«አመኑኝ ማለት ነው?»

«ሰማሁ ነው ያልኩት።»

ክንዴን ዘረጋሁላቸው። «ለእኔም አንድ ይለጥፉልኝ።»

«መጀመሪያ ታጠብ።»

«ታጥቤያለሁ።»

«ታጠብ አልኩህ።»

ሄጄ ታጠብኩ።