የላፕቶፔ ሹራብ

ዕቃ ሲበላሽ የሚያናድደኝ መበላሸቱ አይደለም። ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ደህና መሆኑ ነው። ጥርስ ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዝ ይከርምና ሐኪሙ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ጸጥ ይል የለ? እንደዚያ።

የኔ ላፕቶፕ ቤት ሲሆን ይግላል፣ ያጓራል፣ ከዚያ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ሓድነት ሰፈር ያለው የሓጎስ ሱቅ ስወስደው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ጨዋ ልጅ ሲሠራ ይውላል። ሓጎስ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ሰው ሲያናግር ዓይኑን ከብሎኑ ላይ አያነሳም። ሦስተኛ ጊዜ ስመለስበት ግን አነሳ። ላፕቶፑን ተወና እኔን መመርመር ጀመረ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ መቀሌ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ያገባሁትም እዚሁ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በርቀት ማስተርስ እማራለሁ። የጀመርኩት ድሮ ነው። መሃል ላይ የምታውቁት ነገር መጣ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ጽሑፌን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኩት። ሲያልፍ አወጣሁት። አማካሪዬ አዲስ አበባ ያሉ ሰው ናቸው። ድምፄን ሲሰሙ በሕይወት በመኖሬ ደስ አላቸው፤ ቀጥለው የነገሩኝ ግን ጊዜዬ ማለቁን ነው። ሐሙስ ጠዋት ጽሑፌን በቪዲዮ ለፈታኞች አቅርቤ ካልተከላከልኩ ፋይሌ ይዘጋል። ሌላ ሐሙስ የለም።

ርዕሴ ደግሞ ምን መሰላችሁ? በቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ሙቀት ለምን ታፍኖ ይቀራል የሚል ነው። መቶ ሃያ ገጽ ጽፌበታለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ሲጠብሰው ያደገ ሰው ስለ ሙቀት ቢያጠና ምን ይገርማል።

ችግሩ፣ የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ተሰንጥቆ ግማሹ ጠቁሯል። ስለዚህ ክዳኑን ዘግቼ ዶክ ላይ እሰካዋለሁ። ዶክ የሚሏት ሳሙና የምታህል ጥቁር ሳጥን ናት፤ ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ከትልቅ ስክሪን፣ ከኪቦርድና ከካሜራ ጋር ታገናኘዋለች። ላፕቶፑ ተዘግቶ ከስክሪኑ ጀርባ ይተኛል፤ እኔ ትልቁን እያየሁ እሠራለሁ። ያለ ዶክ ዕውር ነኝ ማለት ነው።

ተዘግቶ ይተኛል ካልኩ ዘንዳ አማቴን ላስተዋውቃችሁ። ኣደይ ለተብርሃን ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። በዚያ መብራት በሌለበት ጊዜ ቀን ቀን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ኪሮሽ ይሠሩ ነበር። ቴሌቪዥኑን አለበሱት። ሬዲዮኑን አለበሱት። ስንት ጊዜ ሙሉ ሳይሠራ የቆመውን ፍሪጅ ከነእጀታው አለበሱት። ምን ያደርጋል ስንላቸው፣ መብራት ሲመጣ አቧራ ጠጥቶ አያግኘው ይላሉ። እኔ ያኔ ተስፋዬን አልጋ ሥር ከትቼ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው የፍሪጅ ልብስ ያጥባሉ። ይህን መቼም አልረሳላቸውም።

ጽሑፌን መጨረሴን ሲሰሙ ታዲያ ለላፕቶፑም ሹራብ ሠሩለት። ወፍራም የሱፍ ክር፣ ቡናማ፣ ዙሪያውን ላስቲክ የገባለት፣ ልክክ የሚል። ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። አሁን እሳቸው ሳሎን ቁጭ ብለው እያዩኝ ላፕቶፑን ራቁቱን ላስተኛው? ክዳኑን በዘጋሁ ቁጥር አለብሰዋለሁ፤ ለገመዱ ብቻ በጎን ትንሽ ከፈት አደርግለታለሁ። የተዘጋ ዕቃ ይለብሳል፤ እናቴ ቤትም እንዲሁ ነበር።

ወደ ሓጎስ እንመለስ። በመጀመሪያው ቀን ፈታታውና የመቀሌን አቧራ ግማሹን ከሆዱ አወጣለት። ሱቅ ውስጥ ሠራ። ቤት ወሰድኩት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ደረቀ። በሁለተኛው ቀን ውስጡ ያለውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባው። ሱቅ ውስጥ ሠራ፤ ቤት ደረቀ። በሦስተኛው ቀን የዶኩን ገመድ ቀየረ። ከነዶኩ፣ ከነገመዱ፣ የሱን ስክሪን አገናኝቶ አራት ሰዓት ሙሉ አስኬደው። ንክች አላለም። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሱ ስሄድ ሹራቡን አውልቄ፣ በሥርዓት አጥፌ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ፣ ላፕቶፑን ባጃጅ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነው።

«መምህር» አለኝ ሓጎስ፣ «ቤት ምን ላይ ነው የምታስቀምጠው?»

ጠረጴዛ ላይ አልኩት። ፀሐይ ይመታዋል ወይ አለኝ። አይመታውም አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ምናምን አታስቀምጠውም አይደል አለኝ። ከፋኝ። እውነት ለመናገር በጣም ነው የከፋኝ። ስለ ሙቀት መቶ ሃያ ገጽ የጻፍኩ ሰው መሆኔን ነገርኩት። እኔ ላፕቶፕ ብርድ ልብስ ላይ የማስቀምጥ ሰው እመስላለሁ ወይ ብዬም ጠየቅኩት። ይቅርታ ጠየቀኝ ምስኪን።

ከዚያ በኋላ ያልተሰጠኝ ምክር የለም። አብሮኝ የሚያስተምረው የሒሳብ መምህር ቫይረስ ነው አለ፤ የሱ ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው። አንዱ ጎረቤት የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው አለኝ። ባለቤቴ ፍረወይኒ ደግሞ አንተ ስትናደድ ነው የሚደርቀው አለችኝ። ሁሉንም ሞከርኩ። ሳልናደድ ለመሥራት ሳይቀር ሞከርኩ፤ እሱ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

ማክሰኞ ከአማካሪዬ ጋር ልምምድ ነበረን። ገና ምዕራፍ አንድን ሳልጨርስ ማራገቢያው ያጓራ ጀመር። ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ጎተት ጎተት አለ። ቆመ። ከአፍታ በኋላ ስልኬ ጠራ። አማካሪዬ ናቸው። አፌን እንደከፈትኩ ስክሪናቸው ላይ ደርቄ መቅረቴን ነገሩኝ፤ በጨዋነት ዝም ብለው ሲጠብቁኝ ቆይተዋል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሐሙስ እንዲህ ከሆነ እኔም የማደርግልህ ነገር የለም አሉኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ። የስንት ዓመት ነገር በአንድ ደረቅ ስክሪን ሊያልቅ ነው። ደከመኝም። ስንቱን አልፌ እዚህ ላይ?

ሐሙስ ደረሰ። ከወገብ በላይ ሱፍ ለበስኩ፤ ከወገብ በታች ያው የቤት ሱሪ ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ዶኩ ላይ ሰካሁ፣ ሹራቡን አለበስኩ። ኣደይ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ሲጠይቁኝ ሊያዩ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ፈታኞች ተደረደሩ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን በአፍንጫቸው ጫፍ የሚያደርጉ ሴትዮ ናቸው።

ምዕራፍ አራት ላይ ስደርስ ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። ሙቀቱ መውጫ በማጣቱ ብዬ ዐረፍተ ነገር ጀመርኩ። ቀስቱ ጎተት አለ። ምላሴ ዐረፍተ ነገሩን ይቀጥላል፣ ልቤ ግን ፋይሉ ሲዘጋ ይታየዋል።

ኣደይ ተነሡ። በስክሪኑ ጀርባ ዞሩና እጃቸውን ሹራቡ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነኩ።

«ወደይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ነገር እኮ አተኩሶታል።» ላስቲኩን ሳብ አድርገው ሹራቡን አወለቁት። «ያተኮሰው ሰው ይሸፈናል እንዴ?»

በሹክሹክታ፣ ኣደይ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የሠሩለት አልኳቸው።

«ሲተኛ እንዲለብስ ነዋ። ሥራ ላይ እያለ ልበስ አልኩት? ስታለብሰው አይቼ፣ የተማረ ሰው ነው፣ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

ይኸውላችሁ። እሳቸው እኔን አክብረው ዝም አሉ። እኔ እሳቸውን አክብሬ አለበስኩ። ሓጎስ ሦስት ቀን ሙሉ ብሎን ሲፈታ የነበረው በኛ ይሉኝታ ነው። ኣደይ ይህን ሁሉ እኔ ሳስብ አልጠበቁኝም፤ የከሰል ማራገቢያቸውን ከወጥ ቤት አምጥተው ላፕቶፑን ያራግቡት ጀመር። ጩኸቱ እየቀነሰ መጣ። ቀስቱ ተንቀሳቀሰ።

ማይኩ ግን ክፍት ነበር። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁና፣ እናት አሁን የተናገሩት ምዕራፍ አራት ሙሉውን ነው፤ አንተ ሠላሳ ገጽ ፈጅቶብሃል አሉኝ። ምን እላለሁ? ልክ ነዎት አልኩ። ኣደይ ማራገባቸውን ሳያቆሙ፣ ኣጆኻ፣ አይዞህ አሉኝ። አለፍኩ። ውጤቱ ላይ አንድ ማስተካከያ ብቻ ተጻፈብኝ፤ ምዕራፍ አራት ይጠር የሚል።

ሓጎስ በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘኝና ምን ሆኖ ነው አለኝ። በራሱ ተሻለው አልኩት። እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኩትም፤ ይህን ካነበበ ይቅር ይበለኝ።

ዲግሪው ከወራት በኋላ መጣ። ፍረወይኒ መስተዋት አስገብታለት ሳሎን ሰቀልነው። ዲግሪው ይቀይረዋል ያልኩት ነገር ብዙ ነበር። ያው ክፍል፣ ያው ጠመኔ፣ ያው የማስተምርባት ካርታ። ሹራቡ ሥራ ፈትቶ ስለተቀመጠ ኣደይ ላስቲኩን አጠበቁና ለዲግሪው አለበሱት። ልክክ አለ። አቧራ እንዳይጠጣ ነው አሉኝ። ከዚያ በላፕቶፑ የደረሰውን አስታውሰው መሰለኝ፣ ሥራ ሲጀምር አውልቅለት ብለው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ።

እስካሁን አላወለቅኩለትም።