ድንኳን ያስነቀለ ማመልከቻ

በእኛ ሰፈር ሰው ኑሮ ሲያንገሸግሸው ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ጠበል ይገባል፣ ወይ ትዳር ይይዛል፣ ወይ ማስተርስ ያመለክታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ የሚያጽናና ቄስና ሽማግሌ አላቸው። ሦስተኛው ያለው ኢንተርኔት ቤት ብቻ ነው።

በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሱሪው መቀመጫው ላይ የሳሳ ሰው፣ ሲያመለክት የሚያመለክተው «ፐብሊክ ፖሊሲ» ወደሚባለው ትምህርት ነው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ማለቴ እኔ እንደገባኝ። ሕዝብ ሳይሰማ ስለ ሕዝብ የሚወሰንበት ጥበብ ነው። አትሳቁ፤ ሙሉጌታ ራሱ ከዚህ የተሻለ አላስረዳኝም።

ሙሉጌታ ካዛንቺስ፣ ከኡራኤል ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ግድግዳ ተጋርተን ያደግን ጓደኛዬ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበር። ያቅዳል፤ ዕቅዱ መሳቢያ ይገባል፤ በዓመቱ ያንኑ አውጥቶ ቀኑን ይለውጣል። ከእናቱ ከእማማ ጽጌ ጋር ነበር የሚኖረው። እማማ ጽጌ ልጃቸው ሊማር ስላሰበው ነገር ሰምተው በጣም ነበር ያዘኑት። «ይህን ሁሉ ተምሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ መጨረሻው ፖሊስ?» አሉኝ አንድ ቀን በር ላይ አስቁመው። ፖሊስ ሳይሆን ፖሊሲ ነው ብል ማን ይሰማኛል። «ብቻ ትራፊክ አይሁን፤ ፀሐይ አይችልም» ብለውኝ ገቡ።

ማመልከቻው የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል። የሙሉጌታ አለቃ «አንተ ጻፈውና እኔ እፈርማለሁ» አሉት። ጻፈዋ! ራሱን እስኪበቃው አወድሶ ሲያመጣው አለቃው አንብበው ቀና አሉና «እንዲህ ያለ ሠራተኛ አለኝ እንዴ?» ብለው ጠየቁት። ያም ሆኖ ውጭ አገር ያለው ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለውም። ትምህርትህ ጥሩ ነው፣ የመሪነት ልምድ ግን አላየንብህም፣ ማኅበረሰብህ ውስጥ ያመጣኸው ለውጥ የታለ፣ የሚል መልስ መጣለት።

ሙሉጌታ ለሳምንት ያህል አኮረፈ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዓይኑ በርቶ መጣ።

«የእድራችን ሊቀመንበር መሆን አለብኝ» አለኝ።

«ለምን?»

«መሪ ለመሆን ነዋ! በቃ፣ አንድ ሪፎርም አመጣለሁ፣ እሱን እጽፋለሁ።»

እንግዲህ የእድር ሊቀመንበርነትን የሚመኝ ጤነኛ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የነበሩት ሊቀመንበር ጋሽ ሸምሱ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ነጋዴ፣ ተተኪ አጥተው ዕድሜያቸውን በሊቀመንበርነት የጨረሱ ሰው ነበሩ። ሙሉጌታ እጁን ሲያወጣ ሰው ሁሉ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቶ ተሽቀዳድሞ አጨበጨበ። ተመረጠ።

ሪፎርሙም መጣ። እድራችን ያለው አንድ ድንኳን ነው። በደንቡ ለቅሶ ቤት ከተተከለ እስከ ሠልስት ይቆያል። ሙሉጌታ ይህን «የሥራ ሰዓትና የሀብት ብክነት» አለው። ድንኳኑ ከቀብር ማግስት ጠዋት ይነሳል የሚል አዲስ ደንብ አረቀቀና «የባለድርሻ አካላት ምክክር» ጠራ። ምክክሩ እሁድ ከረፋድ እስከ ከሰዓት ዘለቀ። እሱ ሲናገር፣ ባለድርሻው ሲያዛጋ። ጨጓራው የሚጮህ ሰው ምን ያጸድቃል? ሁሉን ያጸድቃል።

ከዚያ ሐምሌ ላይ፣ ሰማዩ ተቀዶ ሲወርድ፣ ልብስ ሰፊው አቶ ወርቁ ሞቱ።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት ሙሉጌታ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ የእድሩን ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ለቀስተኛው ገና መግባቱ ነው። የአቶ ወርቁ ሚስት ነጠላዋን አደግድጋ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ ሐዘኗን ተካፈለ፤ በጣም በትሕትና። ከዚያም ቀና ብሎ ጥበቃዎቹን «ጀምሩ» አላቸው።

የመጀመሪያው ካስማ ተነቀለ። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ዘመመ፤ ሸራው ላይ ያቆረው ውሃ ተገልብጦ ሽማግሌዎቹ ላይ ወረደ። የአቶ ወርቁ ሚስት ቀና ብላ ሙሉጌታን አየችው። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ እሱ ግን የሚነቀለውን ሲቆጣጠር አላየም።

የእድሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት እትዬ አስካለ ተነሡ። መሐል ላይ ያለውን ምሰሶ በሁለት እጃቸው አቀፉት። «እኔንም አብራችሁ ጠቅልሉኝ!» አሉ።

«እትዬ አስካለ፣ የጸደቀ ደንብ ነው እኮ።»

«ጸድቆ ሰማይ ይግባ! እኔ ምሰሶውን አልለቅም።»

ጋሽ ሸምሱ ከኮፍያቸው ላይ ውሃውን እያራገፉ ጠጋ አሉት። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ልጄ፣ ሰው ሐዘኑን ባንድ ቀን ይጨርሳል ያለህ ማነው?»

«ጥናት አለ ጋሽ ሸምሱ።»

«ያጠናው ሰው፣ ሞቶበት ያውቃል?»

ጥበቃዎቹ ሙሉጌታን አዩት፤ እትዬ አስካለን አዩ፤ ካስማውን መልሰው መቱት። በቀጣዩ እሁድ ሙሉጌታ ከሊቀመንበርነቱ ወረደ፤ ጋሽ ሸምሱም እያማረሩ ተመለሱ። እማማ ጽጌ ለስንት ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ መሰላችሁ፤ የአቶ ወርቁ ሚስት እግር ላይ ወድቀው ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው እንጂ ልጃቸው አይደለም።

ልጃቸው ሥራ ላይ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ ሙሉጌታ ግን ምንም አልቆጨው፣ የሚፈልገውን በልቷል። የጻፈውን አዲስ ማመልከቻ አሳየኝ። በትልቅ የከተማ ማኅበረሰብ ተቋም ውስጥ የአሠራር ማሻሻያ መርቷል። «ለውጥን የሚቃወሙ ኃይሎች ብርቱ ፈተና ቢሆኑብኝም» ይላል። ኃይሎቹ እትዬ አስካለ ናቸው።

ተቀበሉት። ከነሙሉ ወጪው!

ሰፈራችን ቂም አያውቅም ልላችሁ አልችልም፤ ያውቃል፣ ግን መንገደኛ ላይ አይዝም። ሴቶቹ ድርቆሽና በሶ አዘጋጁለት፣ ጋሽ ሸምሱ መረቁት፣ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመቱ እማማ ጽጌ ታመው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሙሉጌታ መምጣት አልቻለም፤ ከወጣ ተመልሶ የመግባቱ ነገር አስተማማኝ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ግማሽ ፈርሶ ሰው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላም ሌላም ቦታ ተበትኗል። ሁሉም በታክሲ እየተንጠላጠለ መጣ። የአቶ ወርቁ ሚስት ከሁሉ ቀድማ መጣች። እትዬ አስካለ የልጅ ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

ሙሉጌታ ደወለ። ስልኩን ለጋሽ ሸምሱ ሰጠኋቸው። ልቅሶው እኔ ድረስ ይሰማል፤ እንደ ሕፃን ነው የሚንሰቀሰቀው። «እባካችሁ ድንኳኑን አታንሡብኝ» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሸምሱ ሌላ ሰው ቢሆኑ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። «አይነሣም ልጄ፣ አይነሣም» ብቻ አሉት። ከሠልስትም አሳለፉለት።

ልቡ ተሰብሮ ተለወጠ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ወር እንደሞላው ግን በኢሜይል መጠይቅ ላከልኝ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ እድር ነው፤ ለናሙና የመረጠውም የእናቱን ለቅሶ ነው። «አንተ ጠይቅልኝና ወደ እንግሊዝኛ መልሰህ ላክልኝ» ይላል።

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። ጥያቄው የሚለው «በዚህ ለቅሶ እንዲገኙ ያነሣሣዎት ማበረታቻ ምንድን ነው?» ነው። አነበብኩላቸው። እንደገና አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ልጁ አእምሮውን ታሞ እንደሆነ ለማወቅ ይመስላል ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ።

«እናቱ ስለሞተች ነዋ!» አሉ። «እንዲሁ አድርገህ ጻፍለት።»

መጻፍስ በጻፍኩት ነበር። ግን ይህን ይዞ ቢቀርብ ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። «በረጅም ጊዜ ማኅበራዊ ትስስር ላይ የተመሠረተ የጋራ ዋስትና የሚያስገኘው ማበረታቻ» ብዬ፣ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ላክሁለት። ያቺን ዓረፍተ ነገር መምህራኑ በተለይ ወደዷት አሉ። በማዕረግ ተመረቀ።

ወሬውን ለእትዬ አስካለ ስነግራቸው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የታጠቡ ሳህኖች እየደረደሩ ነበር።

«ያልኩትን አስተማሪዎቹ ገባቸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ገብቷቸዋል።»

«እሰይ» አሉ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እያደረቁ። «ፈረንጅ ክፉ አይደለም እኮ፤ ቀስ ብለው ካስረዱት ይገባዋል።»