መፍቻ ወይስ ማጥበቂያ?

ፈዜ፦ ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነው። ይሄ የያዝከው ዕቃ ስሙ መፍቻ ከሆነ፣ ለምንድነው የምታጠብቅበት?

ሊቁ፦ ማን አጠበቀ? እየፈታሁ ነው!

ፈዜ፦ ታዲያ ለምን አይፈታም?

ሊቁ፦ ስለዛገ ነዋ! ዕድሜ ልኩን ታስሮ የኖረ ዳዶ በአንድ ጠዋት ይፈታልህ?

(ወንድማማቾች ናቸው። ታላቁ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ይባላል፤ ታናሹ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚገባው «ፈዜ»። በሟች አባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት፣ አሮጌው ክብ መጋዝ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዝገቱን በናፍጣ አጥበው፣ ኩሽኔታ ቀይረው፣ አዲስ የሞተር ቺንጋ አስገብተውለታል። የቀረው የተበላውን ዲስክ አውጥቶ አዲሱን ማሰር ብቻ ነው፤ ዲስኩን የያዘው ደግሞ ይሄ አንድ ዳዶ ነው። እናታቸው «እስከ ስድስት ሰዓት ወይ ይዙር፣ ወይ ይውጣልኝ!» ብለው የአሮጌ ብረት ሰብሳቢ መኪና ጠርተዋል። አሁን ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። የሊቁ ላብ ዳዶው ላይ ይንጠባጠባል፤ ዳዶው ግን ለላብ የሚራራ ዓይነት አይደለም።)

ፈዜ፦ ጋሼ፣ ግራ ነው።

ሊቁ፦ (ግራ እግሩን ወደፊት አድርጎ) ይኸው። አሁንስ?

ፈዜ፦ እግርህን አላልኩም።

ሊቁ፦ (መፍቻውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ) አሁንስ?

ፈዜ፦ እጅህንም አላልኩም። ዳዶው ነው ግራ የገባው።

ሊቁ፦ (ሳቁ አፍኖት) ዳዶ ግራ ገባው! የኔ ወንድም፣ ግራ የሚገባው ጭንቅላት ያለው ፍጡር ነው። ዳዶ ጭንቅላት የለውም!

ፈዜ፦ ቡሎን ግን አለው።

ሊቁ፦ ነገር አታወሳስብ! ያንን ቱቦ አምጣ።

(ረጅሙን የብረት ቱቦ መፍቻው እጀታ ላይ ይሰካዋል።)

ሊቁ፦ ይሄ ሳይንስ ነው። እጀታው በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል።

ፈዜ፦ ስህተቱስ?

ሊቁ፦ የምን ስህተት?

ፈዜ፦ እጀታው ሲረዝም እሱም አብሮ አይጨምርም?

ሊቁ፦ ዝም በልና ተንጠልጠል!

(ሁለቱም ይንጠለጠላሉ። ቱቦው ጎበጠ። ዳዶው ንቅንቅ የለም። አንድ ነገር «ቸረረረ!» አለ።)

ሊቁ፦ ላላ! ሰማሁት!

ፈዜ፦ የሰማኸው ሱሪህን ነው ጋሼ።

(ሊቁ ኋላውን ይዳብሳል። እውነት ነው።)

ፈዜ፦ እስቲ ወደ ቀኝ እንሞክረው።

ሊቁ፦ ወደ ግራ መፍታት፣ ወደ ቀኝ ማጥበቅ! ይሄን እኮ የጠርሙስ ክዳን እንኳ ያውቀዋል!

ፈዜ፦ ይሄ ጠርሙስ አይደለማ።

(ከበር የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።)

ሊቁ፦ መጡ! በቃ፣ መዶሻና መሮ ስጠኝ፤ ዳዶውን ልሰንጥቀው።

ፈዜ፦ (መሮውን ከኋላው ደብቆ) አይሆንም! ዘንጉን ታበላሸዋለህ። ጋሼ፣ አባባ በዚህ መጋዝ ነው ያሳደገን። ይሄ ከተጫነ አባባን ሁለተኛ እንደቀበርኩት ነው የምቆጥረው።

ሊቁ፦ እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለህ? ቆይ፣ ሹፌሩን አሥር ደቂቃ ልለምነው። ምንም ነገር እንዳትነካ!

(ይወጣል። ልመናውን ረስቶ ለሹፌሩ ስለ ዝገት ጠባይ ሲያስተምር ከውጭ ይሰማል። ፈዜ ቱቦውን ነቅሎ ይጥላል። መፍቻውን ወደ ቀኝ ያዞርና ጥርሱን ነክሶ በመዶሻ ደጋግሞ ይመታዋል። «ቀጭ!» ሊቁ ሲመለስ ዳዶው ፈዜ መዳፍ ላይ ቁጭ ብሏል።)

ሊቁ፦ ይሄ ምንድነው?

ፈዜ፦ ዳዶ።

ሊቁ፦ በምን ፈታኸው?

ፈዜ፦ በማጥበቂያው።

ሊቁ፦ ፈዜ!

ፈዜ፦ የዳዶው ጥርስ የግራ ነው ጋሼ። ዲስኩ ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳይፈታው ሠሪዎቹ ሆን ብለው ነው የገለበጡት። አባባ ዲስክ ሲቀይር የእጅ ባትሪ የምይዝለት እኔ አልነበርኩ? «ይሄ ግራ የገባው!» እያለ ነበር የሚፈታው።

ሊቁ፦ እና እኔ ጠዋቱን ሙሉ...

ፈዜ፦ ስታጠብቅ ነበር። ደግሞ ስታጠብቅ ለክፉ አትሰጥም፤ ልፈታው ስል ሊያስለቅሰኝ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው ብትነግረኝ?

ፈዜ፦ ግራ ነው አልኩህ፤ አንተ እግርህን አስቀደምክ።

(አዲሱ ዲስክ ይታሰራል። ማብሪያው ይጫናል። መጋዙ አንዴ ጉሮሮውን ጠራረገና ዞረ፤ ቤቱ በድምፁ ሞላ። እናታቸው በር ላይ ቆመው ዕንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ሹፌሩም ባዶ እጁን እንዳይመለስ የጎበጠውን ቱቦ አስታቀፉት። ሊቁ የተቀደደ ሱሪውን እንደያዘ ሣንቃ ላይ ቁጭ አለ።)

ሊቁ፦ እንጃ ፈዜ። ዛሬስ ግራ የገባኝ እኔ ነኝ።

ፈዜ፦ (መፍቻውን አንስቶ ወደ ሊቁ ራስ ጠጋ እያለ) አይዞህ ጋሼ፣ ቀላል ነው። ግራ የገባ በቀኝ ይፈታል።