የቀዩ ጦጣ ደም ሳይሞት አውሮፕላን የደረሰበት ዜና

ንዜኑ እንከ ዜና ጥብዓቱ ለኦጆት፤ እነሆ የኦጆትን የጀግንነት ዜና እንናገራለን። ጋምቤላ ክልል በተባለች በሦስተኛው ዓመት፣ አዲሱ ማይክሮስኮፕ በጤና ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ በነገሠ በሁለተኛው፣ የመጠጥ ቤቷ እመቤት የወይዘሮ ወለላ የላምባ ፍሪጅ የባሮን ወንዝ ዳር ጠጪ ሁሉ ባስገበረ በአራተኛው ዓመት፣ ውሻው ጥላ ለጥላ በሚዞርበት በወርኀ የካቲት፣ የወባ መርማሪው፣ የጣት ወጊው፣ የስላይድ ጌታ አቶ ኦጆት ማንም ያልሠራውን ሥራ ሠሩ። እኛም ያየነውን በዓይናችን አይተን፣ ያላየነውን ከወይዘሮ ወለላ ቤት ሰምተን ጻፍን፤ የሚጠራጠር ካለ ብዕሩ ይኸው፣ ወረቀቱ ይኸው።

እኚህ አቶ ኦጆት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌላው የሰው ደም ሲያዩ የኖሩ ናቸው። በደም ውስጥ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወባ። ሲያገኙት ያዝናሉ፤ ሲያጡት ደግሞ ታማሚው አላየህልኝም ብሎ ይቆጣቸዋል። ደም ለሌላ ነገር ይታያል ብለውም አስበው አያውቁም ነበር፣ ዶክተር ቤርሳቤ ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ።

ወእምዝ፣ ማለት ከዚህ በኋላ፣ የዝንጀሮና የጦጣ ነገዶች ማን ለማን ምኑ እንደሆነ በደማቸው የሚመረምሩት ዶክተር ቤርሳቤ መጥተው፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች እንዳሉ፣ ዝንጀሮ አርባ ሁለት፣ ጉሬዛ አርባ አራት፣ ግራጫው ጦጣ ስድሳ እንዳለው፣ ክሮቹ ጎን ለጎን ሲተያዩ የቱ ተቆርጦ ሁለት እንደሆነ፣ የቱ ከየቱ ጋር ተጋጥሞ አንድ እንደሆነ፣ በዚያም ነገዶቹ እንዴት እንደተለያዩ እንደሚታወቅ ለአቶ ኦጆት ነገሯቸው። አቶ ኦጆትም ያን ቀን ምሳ ረሱ። የሦስቱ ነገዶች ደም ተቀድቶ ሄደ፤ ዝንጀሮውንም የያዙላቸው ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ገበሬ አቶ ከፈለ ነበሩ፣ በቆሎአቸውን የጨረሰባቸውን ጠላት አሳልፈው ሲሰጡ እልል እያሉ። የቀረው አራተኛው፣ ቀዩ ጦጣ፣ ከባሮ ማዶ የሚኖሩት የወይዘሮ ኛዴንግ ለማዳ፣ ሻምበል ብቻ ነበር። ሻምበል የተባለው በነጭ ጺሙና በአረማመዱ ነው፤ ዶክተሯን ባየ ጊዜ የማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቶ አውሮፕላናቸው እስኪነሣ አልወረደም። ስለዚህ ዶክተሯ ሁለት ባዶ ብልቃጥና ይህን ትእዛዝ ትተው ሄዱ፦

«ለአቶ ኦጆት ይድረስ። ክሮቹ የሚታዩት ሕዋሱ ሊከፈል ሲሰናዳ ነው፤ የሞተ ሕዋስ አይከፈልም። ስለዚህ ደሙ አይሙቅ፣ በረዶ አይንካው፣ አይናጥ። ማሳደጊያ መድኃኒቴ የሚቆየው እስከ ሐሙሱ አውሮፕላን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቀዩ ጦጣ ከዝርዝሩ ይወጣል። በሕይወት ከደረሰልኝ ግን የክሮቹን ፎቶግራፍ እልክልዎታለሁ።»

ከጋምቤላ ወደ ላይ ብዙ ወረቀት፣ ብዙ ስላይድ፣ ብዙ ሪፖርት ሄዷል፤ ወደ ታች አንድም መልስ መጥቶ አያውቅም። አቶ ኦጆት ያችን ፎቶግራፍ ፈለጓት። እንደ ልጅ ፈለጓት፤ ምን ይደበቃል።

ረቡዕ ጠዋት ባሮን ተሻግረው ወደ ወይዘሮ ኛዴንግ ደጅ ሄዱ፤ ወይዘሮዋም ሻምበልን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይህን ዐወጁ፦

«በእኛ፣ በኑዌር፣ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዘር ይቆጥራል። አባትህ ማን፣ የአባትህ አባት ማን። ይህን ሻምበል ከዱር ሕፃን ሆኖ አገኘሁት፤ ዘሩን አላውቅም። አንተ ኦጆት የጎረቤታችን የአኙዋክ ልጅ ነህ፤ ደም ውሰድ። ግን ዘመዱ ማን እንደሆነ መልስ አምጣ። ካላመጣህ ደጄን አትርገጥ።»

አቶ ኦጆት ቃል ገቡ፣ ደሙንም ቀዱ፣ ከከተማው የተሻለ ቅዝቃዜ ወዳለበት ወደ ወይዘሮ ወለላ ፍሪጅ ወስደው በታችኛው መደርደሪያ፣ ከቲማቲሙ አጠገብ፣ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት። ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።

አዬ ጉድ! በጋምቤላ ክብር የሚለካው በቅዝቃዜ መሆኑን ሊቁ ረሱት። በዚያች ከተማ ተራው ሰው ለብ ያለ ይጠጣል፣ የሥራ ኃላፊ የቀዘቀዘ ይጠጣል፤ እጅግ የከበረ እንግዳ የመጣ ቀን ግን ጠርሙሱ ከላይኛው፣ በረዶ ከሚሠራበት ሣጥን ይወጣል። ወይዘሮ ወለላም አዲስ አበባ የሚሄድ ደም ከቲማቲም ጋር ተቀምጦ ባዩ ጊዜ ስለ ጤና ጣቢያው አፈሩ፤ የገዛ በረዶአቸውን አውጥተው ጥለው ብልቃጡን በላይኛው ሣጥን አነገሡት። በዘጠኝ ሰዓት አቶ ኦጆት ሊጎበኙት ሲመጡ እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ብልቃጡም ተሰንጥቆ አገኙት። ወይዘሮ ወለላም በጠጪዎች ሁሉ ፊት ዐወጁ፦

«አክብሬ ነው! እግዜር ያውቃል አክብሬ ነው! ለራሴ እንኳ ከዚያ ሣጥን ጠጥቼ አላውቅም!»

እውነታቸውን ነበር። አቶ ኦጆትም አልተቆጡም፤ በቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጡና የተሰነጠቀውን ብልቃጥ በመዳፋቸው ይዘው አለቀሱ። ጠጪዎቹም እሳቸው ሲያለቅሱ መጠጣት ነውር ስለመሰላቸው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

ወበሣልስት ሰዓት፣ ማለት ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሲያለቅሱና ሲያስቡ ቆይተው፣ ተነሡና ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህም ከሰማ ጠይቅ! ነገ ጎሕ ሲቀድ ዳግመኛ ደም ይቀዳል። ፍሪጅ የተባለ አይቅረበኝ! የእናቶቻችን የውኃ እንስራ ይበቃኛል። እርጥብ ጆንያ ያለው ጆንያውን፣ ማንጎ ያለው ማንጎውን ይዞ ይከተለኝ!»

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሻምበል ሁለት ማንጎ ተቀብሎ ሦስተኛውን ሲጠባበቅ ክንዱን ተወጋ፤ ጮኸ፤ ተሳደበም ይመስለናል። ደሙ በትርፍ ብልቃጥ ተቀድቶ፣ ብልቃጡ በጥጥ፣ ጥጡ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በእንስራ ውስጥ ገብቶ፣ እንስራው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ መልሱን የሚጠብቁት ወይዘሮ ኛዴንግ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ተሸከሙት፤ ያ አንገት ስንት ዘመን ከባሮ ውኃ ሲያመላልስ ጠብ አድርጎ አያውቅምና። ከፊት አቶ ኦጆት በእጃቸው የዶክተሯን ትእዛዝ ይዘው፤ በመካከል ወይዘሮ ኛዴንግ፤ በስተቀኝ አቶ ከፈለ ሁለት ጀሪካን ውኃ በብስክሌት እየገፉ፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር እያጠጡ፤ በስተግራ ወይዘሮ ወለላ ንስሐ ይሆናቸው ዘንድ ጃንጥላ ዘርግተው፤ ከኋላ ሻምበል፣ ሦስተኛው ማንጎ ስላልተከፈለው እየተከተለ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ዘመቱ።

በመንገድም ፒክአፕ መኪና ቆመችላቸው። ጋምቤላ ከተቆረቆረች ወዲህ የቆመች ፒክአፕ ያሳለፈ ሰው የለም፤ አቶ ኦጆት ግን የመንገዱን ጉድጓድ አይተው፣ ደሙ እንዳይናጥ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው አሳለፏት። አቶ ከፈለ መኪናዋን እስክትጠፋ በዓይናቸው ሸኟት።

ፀሐይ ከፍ አለች፣ ውኃው አለቀ፣ የአውሮፕላኑም ድምፅ ከእነሱ ቀድሞ በሰማይ ተሰማ። ማረፊያው ገና ከፊታቸው ነበረ። አቶ ኦጆት ዘንድሮም ወደ ታች የሚመጣ መልስ የለም ማለት ነው ብለው ቆሙ። አውሮፕላኑ ግን ወረደ፣ መልሶም ወጣ፣ ዞረ፣ ዳግመኛ ወረደና ወጣ። ምን ነበር ቢሉ፣ ነገደ ዝንጀሮ፣ ከአዛውንት እስከ ሕፃን፣ በማረፊያው ሜዳ መካከል ተቀምጦ ቅማል ይለቃቀም ነበር! ዘበኛው በዱላ፣ አዝመራ ጠባቂዎች በወንጭፍ ቢሞክሩ አልነሣ አለ። አቶ ከፈለ፣ ዐሥር ዓመት ዝንጀሮን ሲረግሙ የኖሩት ከፈለ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተባረክ! ዛሬ ብቻ ተባረክ!» ብለው ዐወጁ። ሜዳው እስኪጸዳ፣ አውሮፕላኑም እስኪያርፍ ድረስ ሠራዊቱ ደረሰ፤ ብልቃጡም ሳይሞቅ፣ ሳይደርቅ፣ ሳይናጥ በመንገደኛ እጅ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፤ አቶ ኦጆት በወይዘሮ ኛዴንግ ደጅ ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዱ ነበር። ዝናቡ በገባ በሰኔ ግን ፖስታ መጣ፤ በውስጡም ሁለት ፎቶግራፍ ነበረ፤ ከወደ ታች በዶክተሯ እጅ ማብራሪያ ተጽፎበታል። አቶ ኦጆት ፖስታውን በግማሽ ከፍተው ወደ ባሮ ማዶ ሮጡ። በማንጎው ዛፍ ሥር ሁሉም ተሰበሰቡ፤ የሻምበል ክሮች በጣት ተቆጠሩ፣ አምሳ አራት ሆኑ። የግራጫው ጦጣም ተቆጠሩ፣ ስድሳ። በሦስት ቦታ የግራጫው ሁለት ሁለት ጥንድ አጫጭር ክር በሻምበል ላይ አንድ አንድ ጥንድ ረጅም ክር ሆኖ ይታይ ነበር፤ ሌላው ከሞላ ጎደል ያው ነው። ወይዘሮ ኛዴንግም በቆሎአቸውን ሲሰርቅ በድንጋይ ሲያባርሩት የኖሩት ግራጫ ጦጣ ማን እንደሆነ በተረዱ ጊዜ እንዲህ ብለው ዐወጁ፦

«መልስ መጣ። ግራጫው የሻምበል የአጎት ልጅ ነው። ከዛሬ ወዲያ የጥጉ የበቆሎ ረድፍ የእሱ ነው፤ ዘመድ አይራብም። ሌላ ረድፍ ከነካ ግን ድንጋዬ አለ፤ ዘመድም ልክ አለው። ኦጆት፣ ደጄ ደጅህ ነው።»

አቶ ከፈለም ዝንጀሮ ስንተኛ ዘመድ እንደሚሆን ጠየቁ፤ ራቅ ያለ ቢሆንም ዘመድ መሆኑን ሲሰሙ አዝነው ተቀመጡ። ሻምበል ወዲያው አንድ የአጎቱን ልጅ በረድፉ ውስጥ አግኝቶ በጥፊ መታው፤ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

እንግዲህ ስምህ ይጠራ ኦጆት! የጆንያ አጠጪዎች አዛዥ፣ ፒክአፕ አሳላፊ፣ በዝንጀሮ ሠራዊት የታገዝህ፣ ለሻምበል ዘር ያወጣህለት፣ ወደ ላይ ከሄደው ሁሉ አንድ መልስ ወደ ታች ያስመለስህ! የሻምበል ክሮች ፎቶግራፍ ዛሬም ከማይክሮስኮፑ በላይ ተሰቅሏል፤ ጣቱን ሊወጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ሰፋሪውም፣ ተራው እስኪደርስ ክሮቹን ይቆጥራል፤ አምሳ አራት ሳይሞላለት ሲቀር ጎረቤቱን ያስቆጥራል። አቶ ኦጆትም አሥራ አንድ ዓመት በደም ውስጥ ጠላት ሲፈልጉ ኖረው፣ በአሥራ ሁለተኛው ዘመድ አገኙ።