የእንጨቱ ሰው ግራ እጅ

እስቲ ክርናችሁን አንዴ እጠፉት። አሁን ደግሞ ዘርጉት። ኮሽ አላለም አይደል? አየር ላይ ብትተዉት እዚያው ይቆያል፣ ውረድ ስትሉት ይወርዳል፤ እናንተም ለዚህ አንድ ቀን አመስግናችሁ አታውቁም። ሰማይና ምድርን በስድስት ቀን የጨረሰ አምላክ ክርን ላይ ሲደርስ ስንት ሰዓት እንደተቸገረ መጽሐፉ ይናገር እንደሆነ እንጃ፤ አላነበብኩትም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ እሱንም «ቀ» ላይ ስደርስ ሚስማር አምጣ ተብዬ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። አንድ ነገር ግን ከሊቃውንቱ በላይ አውቃለሁ። አንድ ትከሻ አንድ ክረምት ይፈጃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስትወጡ፣ ቀበሌው ግቢ ጥግ ላይ፣ ጋሽ ደምሴ እንጨት የሚሠሩባት የቆርቆሮ መጋዘን ነበረች። እኔ የሳቸው የብርጭቆ ወረቀት ነበርኩ፤ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ አለሰልሳለሁ። የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት መምህርት እትዬ አስካለ መጥተው፣ ልጆቹ እየነቀሉ የሚገጣጥሙት የእንጨት ሰው ሥሩልን አሉ፤ ራሱ፣ ደረቱ፣ እጅ እግሩ እንደ ብሎኬት አንዱ ባንዱ ላይ የሚሰካ፣ ሲፈለግ ሰው፣ ሲፈለግ ቤት የሚሆን። ሰው ሲሆን ግን ይቀመጥ፣ ይተኛ፣ እጅ ይንሣ አሉ። ደስ አለን። ደስታችን እስከ ማግሥቱ ቆየች።

በማግሥቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሰማ። መቀመጡን ተዉት፣ አለ። በአብዮት በዓል ዕለት መድረክ ላይ ቆሞ ግራ እጁን ያንሣ፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ዝንፍ እንዳይል። ከያዘ መጋዘኗ የናንተ ናት፤ ካልያዘ ለውይይት ክበብ ትሆናለች። ጋሽ ደምሴ አራት ልጅ ያሳደጉት በዚያች መጋዘን ነው። እሺ ብለው ፈገግ አሉ፤ እርሳሱ ግን ከጆሯቸው ላይ ወደቀ።

ወገኖቼ፣ ትከሻ አትሥሩ። ክንዱን ከትከሻው የሚያያይዘውን የእንጨት ችንካር ስናጠብቀው እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ስናላላው እጁ እንደ ሰካራም ይንጠለጠላል። ሰም ቀባን፣ ወረደ። ሙጫ ቀባን፣ ወጣና አልመለስም አለ። የሰበርነውን ክንድ ሁሉ ጳውሎስ ሆስፒታል ብንወስደው አንድ ፎቅ ይሞላ ነበር። ጦሱ ደግሞ እንጨቱ ነው፤ ሐምሌ ላይ የተቆረጠ፣ ገና ውኃው ያልወጣለት ባሕር ዛፍ። ጋሽ ደምሴ እስኪደርቅ ይጠበቅ ብለው ቢለምኑ ሊቀመንበሩ «አብዮት እንጨት እስኪደርቅ አይጠብቅም» አለ። አልጠበቅንም። ነሐሴ ላይ ችንካሩ በእርጥበቱ አብጦ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ ያዘና እጁ ተነሥቶ ቀጥ አለ። ጨፈርን። እውነቱን ለመናገር የጨፈርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ጋሽ ደምሴ ሰማዩን ያዩ ነበር።

በዓሉ ደረሰ፤ የመስከረም ፀሐይም ከእሑድ ገበያተኛ ቀድማ ወጣች። መፈክር ተባለ፣ የግራ እጃችንን አነሣን። ሊቀመንበሩ «አውርዱ» ማለቱን ረስቶ፣ የራሱንም እጅ እንዳነሣ፣ ንግግሩን ቀጠለ። እና ማን ቀድሞ ያውርድ? ማንም። ንግግሩ ከእንጦጦ ተነሥቶ ቃሊቲ ደርሶ፣ እዚያ አድሮ፣ በእግሩ ተመለሰ። የኔ ትከሻ ከኔ ተለይቶ የራሱን ጎጆ ሊወጣ ደረሰ። ፀሐይዋ ግን ሥራዋን አልረሳችም። ችንካሩ ደረቀ፣ ቀጠነ፣ የእንጨቱም ሰው እጅ፣ ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ፣ ቀስ... ቀስ... እያለ ወረደ።

ሕዝቡ ሌላ ምልክት አልጠበቀም። ግቢው ሙሉ «እፎይ» አለና እጁን አወረደ። ሊቀመንበሩ ዘወር ሲል እጁ እንደተነሣ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ማታውን መጋዘኗ ድረስ መጣ። ሦስት ቀን ሰጠን።

«ሚስማር ምቱበት» አለ፤ «ለዘላለም እንዳይወርድ።»

«ሚስማር ከተመታበት ሕፃናቱ በምኑ ይጫወታሉ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ያዩታል።»

ጋሽ ደምሴ ሌሊቱን ሙሉ መዶሻውን ይዘው ተቀምጠው አደሩ አሉ፤ ሚስማሩን ግን አልመቱም። ጠዋት እኔ የቀኝ እግር በረባሶ ጫማዬን አወለቅሁ። የመኪና ጎማ ነው፤ ስንት ዓመት ቁልቁለቱን የተሸከመኝ፣ በዝናብ የማያብጥ፣ በፀሐይ የማይኮማተር። ከተረከዙ ቀለበት ቆርጠን በትከሻውና በክንዱ መካከል አስገባን። እጁ ባነሡት ቆመ፣ ባወረዱት ወረደ። ወገቡንም ጉልበቱንም እንዲሁ አደረግንለት። ከዚያ በኔ ተንኮል የአንድ ሚስማር ጭንቅላት ቆርጠን ትከሻው ላይ በሙጫ ለጠፍን። ሊቀመንበሩ መጥቶ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ «አሁን ሰው ሆነ» አለ፣ መጋዘኗንም ተወልን። እኔ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁ፤ ለመንደሩም በሥራ ላይ ተጎዳሁ አልኩ።

ከእትዬ አስካለ ጋር ውላችን ቀላል ነበር፤ የሊቀመንበሩ ጂፕ ሲሰማ እጁን ያነሡታል፣ ሲሄድ ያወርዱታል። ለዚህ ማንም ልምምድ አላስፈለገውም።

አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ጂፑ ተበላሽቶበት በእግሩ መጣ። የምሳ ሰዓት ነው። እኔና ጋሽ ደምሴ እዚያው ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበር እየጠገንን ነበር። የእንጨቱ ሰው ከሕፃናቱ መሐል ተቀምጦ፣ ግራ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ፊቱ ሳህን ቀርቦለታል። የጋሽ ደምሴ መጋዘን በዓይኔ ላይ ፈረሰች።

«ማነው ያስቀመጠው?» አለ ሊቀመንበሩ።

አንዲት አፏን ሹሮ ያለበሰች ልጅ ቀና አለች። «ደክሞት ነው ጋሼ። እጁን ብዙ አነሣ።»

ሊቀመንበሩ የሚስማሩን ጭንቅላት አየ፣ ጋሽ ደምሴን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ። ከዚያ በቀኝ እጁ የራሱን ግራ ትከሻ ማሸት ጀመረ፤ ብዙ ጊዜ አሸው። ትንሿን የልጆች ወንበር ሳበና ከእንጨቱ ሰው አጠገብ ሊቀመጥ ዝቅ አለ። ጉልበቱ እንደ መጋዘናችን በር ቋ አለ። ግን ታጠፈ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ይሄኛውም ጎማ ይፈልጋል» አሉኝ፣ የቀረችኝን በረባሶ እያዩ።